በግራም በቀኝም የሚከፈት በር

ውድ ቶሎ፣

ቆይ! ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘል። አውቅሃለሁ እኮ፤ ጋዜጣ ከኋላ የምትጀምር፣ ሻይ እስኪበርድ መታገስ አቅቶህ ምላስህን የምታቃጥል ሰው ነህ። ይሄን ደብዳቤ ግን እንደ በር ከመቃኑ ጀምረህ በተርታው አንብብልኝ። መልሱ አለ። ጽፌዋለሁ። የትም አይሄድብህም።

ባለፈው ስትደውል ያልከኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። "የዚህ ሕንፃ በሮች ሊያልቁ ነው። አለቃዬ ለሚቀጥለው ሥራ ውል አዘጋጅቶልኛል፤ ከፈረምኩ ዓመታት እዚሁ መቅረቴ ነው። ከመፈረሜ በፊት ቁርጤን ንገሪኝ፤ ታገቢኛለሽ ወይስ አታገቢኝም?" አልክ። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ገና ምንም ሳልል "በስልክ አይደለም!" ብለህ ጮህክ። "በስልክ 'ቆይ' ትይና ትዘጊዋለሽ። ጻፊው። ደብዳቤ ላይ ቆይ ብሎ መዝጋት የለም።" ከዚያ ራስህ ዘጋኸው። ስልኩን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። እማዬ ከጓዳ ሆና "ምን አለሽ?" አለችኝ። "ጻፊልኝ አለኝ" አልኳት። "እንግዲህ ወረቀት ሊወደድ ነው" አለች።

ቆይ የሚለው ስም የወጣልኝ አንተ ወደ እንጨት ሥራ ቤታችን ከመምጣትህ ብዙ በፊት ነው። እማዬን ከጠየቅሃት ገና ስወለድ ጀምሮ ነው ትልሃለች፤ አዋላጇ መጥታ "ገና ናት" ብላ ሄዳለች፣ እንደገና ተጠርታ መጥታ አሁንም ሄዳለች። አባዬ ጫማ ሊገዛልኝ ሲወስደኝ አንዱን እግሬን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር አጥልቄ ባለሱቁ መብራት ማጥፋት እስኪጀምር እቀመጥ ነበር። "ልጄ፣ በይ አንዱን ምረጪና እንሂድ" ይለኛል። "ቆይ አባዬ።" ምን ላድርግ? አንዱን ካልኩ ሌላው ሊቀር ነው። ሰው ሁሉ ስንፍና ይመስለዋል፤ ስንፍና አይደለም። የምተወው ነገር ያሳዝነኛል።

ከዚያ አንተ መጣህ። በር ገጣሚ፣ ግራኝ፣ እሳት የላሰ። መሮ በግራ እጅህ ስታነሳ የግቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያይህ ነበር። "ምን ታዩኛላችሁ፣ ዓለም ለቀኝ እጅ ስለተሠራች እኔ እጄን ልቁረጠው?" ትላለህ። አንዱን በር ሰቅለህ ሳትጨርስ የሚቀጥለውን መቃን ትለካለህ። እጅህ ሁልጊዜ በዕቃ ስለሚሞላ በር የምትከፍተው በክርንህ እየገፋህ ነው። አባዬ ገና ከመጀመሪያው "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ሲልህ ስምህ በዚያው ቶሎ ሆኖ ቀረ። ቆይና ቶሎ በአንድ ግቢ! ቀለም ቀቢያችን፣ ያ ሳቁ የማያልቅበት ሰውዬ፣ "እነዚህን ሁለቱን ቢቀላቅሏቸው እኮ አንድ ደህና ሰው ይወጣቸዋል" ያለ ዕለት ተናድጄበት ምሳዬን ሳልበላ ቀርቻለሁ። አንተ በላህልኝ።

የእንግዳ ማረፊያውን ጉድ መቼም አትረሳውም። አባዬ ሄዶ አንዱን ክፍል ለካ። አንዱን ብቻ! "ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው" ብለውታል፤ እኩልም ነበሩ፣ ማንም አልዋሸውም። ነገር ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ሁለት መዳፍ ተያይተው ነበር የተሠሩት፤ የአንዱ ግራ የሌላው ቀኝ ነው። እኛ ሆዬ የሁሉንም በር ማጠፊያ በግራ አድርገን፣ ቁልፉን በቀኝ ቦርቡረን፣ አባዬም በየበሩ ግንባር ላይ የክፍሉን ቁጥር በገዛ እጁ በመሮ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብተን ላክን። አንተም ባንድ ትንፋሽ ሰቅለህ ጨረስክ። ያን ዕለት ማታውኑ የማረፊያው ባለቤት ደወሉ። እንግዳው በሩን ገፍቶ ይገባል፣ እጁን ወደ ማብሪያው ይሰዳል፣ ማብሪያው የለም። ለካ በሩ ሲከፈት የሚለጠፈው ማብሪያው ላይ ኖሯል። "አንዱ እንግዳ አስጠርቶ 'መብራቱን የት ደበቃችሁት?' አለኝ!" አሉ ሴትየዋ።

"ማብሪያውን ያዛውሩት" አላቸው አባዬ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። እሳቸው ማብሪያ አላዛወሩም፤ ግማሾቹን በሮች ጭነው መለሱልን።

እነዚያ በሮች ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ስንት ጊዜ አፈጠጡብን! የሚገዛ ሰው ይመጣል፣ ግራ በር አለን ስንለው ቀኝ ይፈልጋል። ቀኝ የሚሆነውን ፈልገን ስናመጣለት ቀለሙ ነጭ ቢሆን ይላል። ነጩን ስናወጣለት "መስታወት የለውም?" ይለናል። አባዬ ራሱን ይዞ "የሰው ልጅ ክፉ ነው፤ የሌለንን አጣርቶ ነው የሚመጣው" ይል ነበር። ሥራ ቀዘቀዘ። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ የሚሸጥ በር የለንም፤ እንዲህ ያለ ነገር የት ይሰማል?

አንድ ከሰዓት በኋላ በሮቹ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ቤቱን ሳናይ፣ ሰውየውን ሳናውቅ፣ ግራ ነው ቀኝ ነው፣ ነጭ ነው ቡኒ ነው እያልን የምንወስነው ማን አስቸኩሎን ነው? ማንም። እንጨቱን መሰንጠቅ፣ መላግ፣ በኮላ ማጣበቅ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም በር አንድ ነው። አንዱን በር ከሌላው የሚለየው መጨረሻ ላይ ጣል የምናደርገው ትንሽ ነገር ነው። ታዲያ ያን ትንሽ ነገር ሰውየው እስኪመጣ ለምን አናቆየውም? ይሄን ልነግርህ ቀና ስል አንተ "ግቢው ይጽዳ" ብለህ አንዱን በር ተሸክመህ ትሮጣለህ። ስታወርደው በችኮላ በአናቱ አቆምከው።

"ቆይ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ቆይ አልኩህ እኮ! እንዳትነቃነቅ!"

በሩ ተዘቅዝቆ ቆሟል፤ ማጠፊያው ደግሞ በቀኝ ነው! ግራው በር ተገልብጦ ቀኝ ሆኗል። እርግጥ ቁልፉ ወደ ታች ወርዶ ተንሻፏል። አባዬ የተጠበበበት 6 ቁጥርም 9 ሆኖ ከታች አፍጥጧል። ቀለም ቀቢው ሮጦ መጣና ሌሎቹን እየገለበጠ አየ፤ "ወይ ጉድ! ሳይሳሳት የተረፈው ስምንት ቁጥር ብቻ ነው!" ብሎ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንተ ያን ሁሉ ጊዜ በሩን በትከሻህ ደግፈህ "አሁንስ ልነቃነቅ?" ትላለህ። በዕድሜህ ያልተነቃነቅክበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ያኔ ነው መሰለኝ የወደድኩህ። ይሄንን ነግሬህ አላውቅም።

ሐሳቡ ከዚያ ቀጥሎ እንደ ጉድ ወረደልኝ። ቁልፉን የበሩ ልክ መሃል ላይ ካደረግነው በሩ ቢገለበጥም መሃል ነው። ማጠፊያዎቹን ከላይና ከታች እኩል ካራቅናቸው ሲገለበጡም እኩል ናቸው። ቁጥሩን መቅረጽ ቀርቶ በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጽፈን መጨረሻ ላይ በብሎን እናስረዋለን። መስታወት የሚል ካለ መስኮቱን ሰውየው ሲመጣ እንቆርጥለታለን። ቀለሙም እንደዚያው። በቃ፣ በየልኩ አንድ ዓይነት በር ብቻ እንሠራለን፤ ሁሉንም ዓይነት በር እንሸጣለን።

አባዬ ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። "ልጄ፣ ያላለቀ በር መጋዘኔ ውስጥ ልትከምሪ ነው?"

"አልቋል እኮ አባዬ። የቀረው የሰውየው ድርሻ ነው።"

"የሰውየው ድርሻ መክፈል ነው።"

"ግራና ቀኙን የሚያውቀው ግን እሱ ነው፤ እኛ አይደለንም።"

"ከልጅነትሽ ጀምሮ ቆይ ስትይኝ ኖርሽ፤ አሁን ደግሞ ለእንጨቱም አስተማርሽው!"

ያን ጊዜ ጣልቃ የገባኸው አንተ ነህ። "ጋሼ፣ ግራ በር ተሸክሜ ሄጄ ቀኝ ነው ከተባልኩ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ይሄኛውን ግን እዚያው ገልብጬ ሰቅዬው እመጣለሁ። በሞቴ፣ አንዴ ይሞክሩት።" አባዬ አንተን አየ፣ እኔን አየ። "ቶሎ ራሱ ቆይ ካለ እኔ ማን ነኝ?" ብሎ መነጽሩን አድርጎ ወደ መጋዙ ሄደ። እሺ ማለቱ ነበር።

ሰው ጠዋት ልኩን ይዞ መጥቶ ቀለሙ እስኪደርቅለት ደጅ ላይ ሻይ ጠጥቶ በሩን ይዞ ሲሄድ ማየት እንዴት ደስ ይላል! አንዲት ሙሽራ ሰማያዊ ብላ ጀምራ፣ ቀለሙ ሊቀባ ብሩሹ ጣሳው ውስጥ ከተነከረ በኋላ "አይ፣ አረንጓዴ" ብላ፣ አረንጓዴ ይዛ ሄደች። ድሮ ቢሆን አባዬ ሙሽራይቱን በበሩ ይመታት ነበር። ያን ዕለት ግን "ልጄ፣ አስቢበት፣ ጊዜ አለሽ" ሲላት እኔና አንተ ተያየን። እኔን ያለኝ ይመስል ጆሮዬ ድረስ ደስ አለኝ።

ማር ሲበዛ ግን ይመራል። እኔ ማቆየት ሲሳካልኝ ጊዜ ሁሉንም ካላቆየሁ አልኩ። የቁልፉን ጉድጓድስ ለምን አሁን እንቦረቡራለን፣ ምናልባት ሰውየው ሌላ ዓይነት ቁልፍ ቢገዛስ? ይቆይ! ሳይቦረቦር ይሂድና እዚያው ይቦርቦር አልኩ። እዚያው የሚቦረቡረው ማን እንደሆነ አላሰብኩም። አንተ ነበርክ። ጠባብ ደረጃ ላይ ተንበርክከህ፣ በሩን በጉልበትህ ይዘህ፣ በመሮ ስትቦረቡር እንጨቱ ተሰነጠቀብህ። አውራ ጣትህን በጨርቅ ጠቅልለህ መጥተህ ፊቴ ቆምክ። አልጮህክም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺ፣ ይሄ ማቆየት አይደለም" አልክ። "አንቺ መወሰን የከበደሽን እኔ ላይ መጫን ነው። የምታቆዪው ነገር እኮ አይጠፋም። የሆነ ሰው ተሸክሞት ቆሟል።"

ስለ ቁልፍ ጉድጓድ ነበር የምታወራው። ከማግስቱ ጀምሮ ጉድጓዱ እዚሁ በማሽን፣ በሩ ገና ሲላግ መቦርቦር ጀመረ። ቃልህ ግን ከቁልፉ ጋር አላለቀም፤ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ሲኮረኩመኝ ከረመ።

የሕፃናት ማቆያውን ሳላነሳ አላልፍም፤ አሁንም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። መምህርቷ ሕፃናቱ ሲተኙ ሳይቀሰቅሱ ለማየት እንዲመቻቸው ከላይ መስታወት ያለው በር አዘዙ። እኛም መስኮቱን ቆርጠን፣ መስታወቱን አስገብተን፣ ይሄ በር ከእንግዲህ አይገለበጥም ብለን ላክን። ማለት እኔ ብያለሁ፤ አንተ አልሰማህም፣ በሩን ጭነህ መንገድ ጀምረሃል። እዚያ ስትደርስ ክፍሉ በሌላ በኩል የሚከፈት ሆኖ አገኘኸው። ታዲያ ምን ችግር አለ? የኛ በር አይደል! ገለበጥክና ሰቀልከው። መስታወቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሆነ።

መምህርቷ ሲያዩት "ምንድን ነው ይሄ? ልጆቹን ተንበርክኬ ነው የማያቸው?" ብለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። አንተ፣ እግዜር ይይልህ፣ ዓይንህን ሳታሽ "እትዬ፣ ሆን ተብሎ ነው" አልካቸው። ሌላ ነገር ሳይሉህ ከውስጥ አንዱ ድክ ድክ እንኳ ያልጀመረ ሕፃን እየዳኸ መጥቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ሁሉም በሆዳቸው ተኝተው ኮሪደሩን ይቃኛሉ! ማታ እናቶቹ ሲመጡ ለሕፃናቱ የሚታያቸው ጫማ ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ የእናቱን ጫማ ያውቃል። ቡኒ ጫማ ብቅ ሲል አንዷ መስታወቱን በመዳፏ ትመታለች፣ የተቀደደ ሸራ ጫማ ሲመጣ ያኛው ይፍለቀለቃል። መምህርቷ ደውለው አባዬን "ያን ያሰበ ሰው ይባረክ" አሉት። አባዬ "ልጄ ናት" አለ። ዛሬ የማቆያ በር የሚያዝ ሁሉ መስኮቱን ከታች ነው የሚለው። አንተ በግዴለሽነት የሠራኸው እኔ በጥበቤ የሠራሁት ሆኖ ቀረ፤ አልካስህም፣ ዝምታዬ ጣፍጦኛል።

ከዚያ ሥራ እየሳቅህ በመጣህበት ዕለት ነበር የኔን በር ልንሰቅል የሞከርነው። አባዬ ከመጋዘኑ ጀርባ የሰጠኝ ክፍል መቃኑ እንጂ በር አልነበረውም። የበር ሠሪ ልጅ በር የላትም እያልክ ስትስቅብኝ ከርመህ፣ ያን ዕለት ከመጋዘን አንዱን መርጠህ ተሸክመህ መጣህ። መቃኑ ውስጥ አቁመህ ያዝከው። አንተ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ በሩ በመካከላችን።

"በየት በኩል ይከፈት?" አልክ።

"ቆይ" አልኩ።

ፊትህን አላየሁትም። ከዚያ "እሺ፣ ሌላ ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ?" አልክ።

እኔም ይሄ ምላሴ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የለመደውን አለ። "ቆይ።"

በሩን ቀስ ብለህ፣ አንተ ቀስ ብለህ!፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈህ "ይቆያላ" አልክና ሳቅህ። አፍህ ነበር የሳቀው፤ ዓይንህ አልሳቀም። እኔ መቃኑ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ። አንተ ብዙ ሳትቆይ አሁን ያለህበትን የሩቅ ሥራ ይዘህ ሄድክ።

ስላልወደድኩህ አልነበረም። ይሄንን እዚህ መሃል ላይ፣ በግልጽ፣ ያለ ቀልድ ልጻፈው፤ ወድጄሃለሁ፣ እወድሃለሁ። ግን አንዱን ካልኩ ሌላው ይቀራል የሚለው የጫማ ቤቱ ጭንቀቴ አልለቀቀኝም። ሌላው ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ግን አላውቀውም ነበር። ጫማ እንኳ አልነበረም። ምንም ሌላ ነገር ሳይኖር ለሌላው ስጨነቅ አንተን አስኬድኩህ። ከሄድክ በኋላ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ፤ ግቢው ጸጥ ሲል፣ በር በክርኑ የሚገፋ ሲጠፋ፣ እኔ ከመጋረጃዬ ኋላ ሆኜ እጮሃለሁ። እማዬ ሁለት ጊዜ ሰምታኛለች።

ከስልክህ በኋላ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ ቀናት ተፋጠጥኩ። "ውድ ቶሎ" ብዬ እጀምራለሁ፣ እዚያው ላይ እቆማለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለ በር ያዘዙን አንዲት አሮጊት መጡ። መቃናቸው ከመጋዘናችን በሮች ልክ ስለማይገጥም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለክቼ መጥቼ ነበር፤ ሥራው ለምን እንዳልተጀመረ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

"ቀለሙን ምን ልታደርጊልኝ ነው?" አሉኝ።

"እሱ በኋላ ይደርሳል እማማ፤ ያኔ ይመርጣሉ።"

"መስታወቱስ?"

"እሱም በኋላ።"

"በየት በኩል እንደሚከፈትስ?"

"እሱማ ሲሰቀልም ይደርሳል" አልኳቸው ኮራ ብዬ።

ትኩር ብለው አዩኝ። "ታዲያ እናንተ ቤት መጀመሪያ የሚወሰን ነገር የለም ማለት ነው?"

"አለ እንጂ እማማ! ልኩ አለ። ስፋቱና ቁመቱ። እሱ በኋላ አይቀጠልም፣ አይቆረጥም። እሱ ካልታወቀ በር አይጀመርም።"

"እሱን አልለካሽም?"

"ለክቻለሁ።"

"አወቅሽው?"

"አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። "ጀምሪያ!"

ስለ በራቸው ነበር። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ቀለም ቀቢው "ምነው፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ውኃ አመጣልኝ። ቶሎ፣ ስንት ጊዜ ነው የለካሁህ! ሳቅህን አውቀዋለሁ፣ ንዴትህን አውቀዋለሁ፣ ስትከፋ ቀስ እንደምትል አውቃለሁ። ልክህን አውቄ ጨርሼ ሳለ፣ ቀለም እንደሚመርጥ ሰው "ቆይ" ስል ነበር። ቀለምማ አልነበርክም። የመጀመሪያው ነገር ነበርክ።

እሑድ ጠዋት መጋረጃውን አወረድኩ። ያስደገፍከውን በር አቧራውን ጠርጌ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ያኔ ሳይቦረቦሩ ከቀሩት በሮች አንዱ ነው፤ ጠርዙ ድፍን ነው። ማጠፊያውን በቀኝ በኩል አሰርኩ። የቁልፉን ጉድጓድ በግራ በኩል አሰመርኩ። አባዬ ድምፅ ሰምቶ ሻዩን እንደያዘ መጣ።

"እጀታው በግራ? ለግራኝ ነው እንዴ የምትሰቅይው?"

"አዎ።"

ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያሰመርኩትን አየና "ተሳስተሻል" አለ። "መሃሉ ይሄ አይደለም እኮ፤ ከፍ ብሏል። እዚህ ጋ ከቦረቦርሽው ይሄ በር መቼም አይገለበጥም።"

"አልተሳሳትኩም አባዬ።"

አሁንም አየኝ። ያሰመርኩት ክርንህ የሚያርፍበት ላይ ነው፤ ቦታውን እሱም ያውቀዋል፤ ስንት በር ላይ ጠባሳውን አይቷል። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠና መሮውን ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ ቶሎ ብለሽ ቦርቡሪው" አለኝ። ሁለታችን ይዘን ሰቀልነው። እማዬ መጥታ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። "ቀለሙስ ምን ይሁን?" አለች። "ቆይ እማዬ" ስላት ሦስታችንም ሳቅን፣ አባዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። ወይም እስኪስቅ አለቀሰ፣ አልለየሁትም።

እንግዲህ ካልገባህ፣ ወይም እንደፈራሁት ዘልለህ እዚህ ከደረስክ፣ ቃሉ ይኸው፦ አዎ። አገባሃለሁ።

በዚህ ግቢ ውስጥ የማይገለበጥ በር እሱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ይቆያል። የት እንኖራለን፣ መቼ ይሆናል፣ ማንን እንጠራለን፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ እሱን ሁሉ ስትመጣ አንድ በአንድ እንጨቃጨቅበታለን፤ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ አቆይሃለሁ፣ ቀለም ቀቢው ይስቅብናል። ስለ ውሉ ግን ምኞትሽ ምንድን ነው ብትለኝ አላቆየውም፦ አትፈርም። ብዕሩን አስቀምጠህ ና።

እጀታውን አልገጠምኩትም። እሱ የገጣሚው ሥራ ነው። እስክትመጣ በሩ እንዳይከፈት ካርቶን አጥፌ ከሥሩ እሸጉጥበታለሁ፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ካርቶኑን ገፍቶ ይከፍተዋል። በተከፈተ ቁጥር አንተ በክርንህ የገፋኸው እየመሰለኝ ቀና እላለሁ።

ያንተዋ፣ ለክታ የጨረሰችው
ቆይ